ገበታው ሞልቶ ደም ለምን ያንሳል?

(ለአንድ የጡረተኞች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ የቀረበ ዲስኩር)

የማኅበራችሁ ጸሐፊ ባለፈው ወር እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ድረስ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «አባሎቻችን በየወሩ ቫይታሚን ይገዛሉ፤ በየወሩም ደከመን ይላሉ። ገበታቸው አልጎደለም። ታዲያ የሚበሉት የት ይገባል? መጥተህ አስረዳን።» ጥያቄው አጭር ነው። መልሱን ስፈልግ ግን ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ያሳለፍኩትን ሃያ ምናምን ዓመት መመርመር ግድ ሆነብኝ። ስለ ግብዣው ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁም ሐኪማችሁን በደንብ እንድትጠይቁ ነው እንጂ ራሳችሁን እንድታክሙ አይደለም።

ርዕሴ ጨጓራ ነው። አማርኛችን በዚህ አካል ላይ ትንሽ ጨክኖበታል። አንድ ሰው «ጨጓራ አለብኝ» ሲል ታምሜያለሁ ማለቱ ነው። እስኪ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ሁላችንም አለብን። ስሙን የምናነሳው ሲያቃጥለን ብቻ ስለሆነ፣ ደህና ሆኖ ሲያድር ምን እንደሚሠራልን ጠይቀን አናውቅም።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፦ የበላነው ሁሉ የእኛ አይደለም። የእኛ የሚሆነው ጨጓራ ፈትቶ ያስረከበን ነው። ይህን በአምስት ነጥብ አስረዳለሁ። መጀመሪያ የጨጓራን ሥራ፣ ሁለተኛ ቫይታሚን ቢ12ን፣ ሦስተኛ ብረትን፣ አራተኛ ጨጓራን ከሥራው የሚያፈናቅሉትን፣ በመጨረሻም እኛ ማድረግ የምንችለውን እናያለን።

አንደኛ፦ ጨጓራ አውድማ ነው

ብዙዎቻችሁ በገጠር ስላደጋችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጤፍ አጭዶ ነዶውን እንዳለ ጎተራ የሚከት ገበሬ የለም። መጀመሪያ አውድማ ላይ ይበራያል፤ ፍሬው ከገለባው ይለያል። ምግብም እንደዚያው ነው። ሥጋው ውስጥ ያለው ቫይታሚን፣ ሽሮው ውስጥ ያለው ብረት ነጻ ሆኖ አይመጣም። ከፕሮቲን ጋር፣ ከልጣጭና ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ፣ ታስሮ ነው የሚመጣው። የሚፈታው ጨጓራ ነው።

በምን ይፈታዋል? በአሲድ። ጨጓራችን በቀን እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ያመነጫል። በውስጡ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ጋር የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚብስ ጎምዛዛ ነው። ይህ አሲድ ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም ይገድላል፤ የተቋጠረውን ፕሮቲን ይዘረጋል፤ ብረትና ካልሲየምን ያሟሟል። ጨጓራ ራሱን እንዳያቃጥል ደግሞ ግድግዳው በሚያሟልጭ ፈሳሽ ተለብጧል። ጤነኛ ሲሆን እሳቱን ይዞ አይቃጠልም።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጨጓራ ራሱ ንጥረ ነገሮቹን ወደ ደም አያስገባም ማለት ይቻላል። ያን የሚሠራው ቀጭኑ አንጀት ነው። ጨጓራ አውድማው፣ አንጀት ጎተራ አስገቢው ነው። አውድማው ካልሠራ አስገቢው ባዶ እጁን ይቆማል።

ሁለተኛ፦ ቢ12 ያለ ሚዜ አይገባም

አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። በየወሩ እየመጡ ከእኔ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይገዛሉ። አንድ ቀን ሲገቡ ወደ እግራቸው ተመለከትኩ፤ በቀኙ ነጠላ ጫማ አለ፣ በግራው የለም።

«እማማ፣ አንዱ ጫማዎ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩና ደነገጡ። «ኧረ እኔስ አላወቅሁም ልጄ። እግሬን ጉንዳን ሲወርረኝ ነው የሚከርመው፤ አሁን አሁንማ መሬቱንም አይለየው። እርጅና ነው እንግዲህ» አሉ።

ጫማው ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ተገኘ። ከእግራቸው ወልቆ ሲቀር አልተሰማቸውም። የእሳቸውን ነገር ለጊዜው እዚህ ላቁመውና ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ከተማ ልውሰዳችሁ።

ዘመኑ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ 1920ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ያኔ ምክንያቱ ያልታወቀ፣ ሰውን እያገረጣና እያደከመ የሚገድል ክፉ የደም ማነስ ነበር። የምላስ መላላጥና የእግር መደንዘዝም አብሮት ይመጣል። በ1926 ማይኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች ለበሽተኞቻቸው በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ ከሞት አፋፍ መለሷቸው። በ1934 ከዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ጤነኛ ሰው ጉበት ሳይበላ እንዴት ደህና ይኖራል?

ዊልያም ካስል የተባለ ወጣት ሐኪም መልሱ ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ለበሽተኞቹ እኛ ክትፎ ቤት «ለብለብ» የምንለውን ዓይነት የተፈጨ ሥጋ ለቀናት አበላቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ምን አደረገ መሰላችሁ? 300 ግራም ያህል ሥጋ ራሱ በላ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከጨጓራው መልሶ አወጣው። እንዲልም አደረገና በቀጭን ቱቦ ወደ በሽተኞቹ ጨጓራ አስገባው። ፊታችሁን እንዳጨማደዳችሁ አያለሁ፤ ይቅርታ! ግን ስሙኝ፤ በቀናት ውስጥ የበሽተኞቹ አካል አዲስ የደም ሕዋስ ማምረት ጀመረ።

ሥጋው ያው ሥጋ ነው። ልዩነቱ በጤነኛ ሰው ጨጓራ ውስጥ ማለፉ ብቻ ነበር። ካስል ከዚህ ተነስቶ ጤነኛ ጨጓራ አንድ የተለየ ነገር እንደሚያመነጭ አወቀ። በኋላ በ1948 ሥጋውና ጉበቱ ውስጥ የነበረው ነገር ተለይቶ ወጣ፤ ቫይታሚን ቢ12 ተባለ። ከጨጓራ የሚመነጨውን ፕሮቲን እኔ ሚዜ እለዋለሁ። ቢ12 ሙሽራው ነው፤ ብቻውን ሄዶ በር ቢያንኳኳ አይከፈትለትም። ሚዜው ይዞት እስከ ቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ድረስ ይወስደዋል፤ በሩ የሚከፈተው ለሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው። ሚዜውን የሚያመነጩት ደግሞ አሲዱን የሚያመነጩት ሕዋሳት ናቸው። እነሱ ከተጎዱ አሲዱም ይጠፋል፣ ሚዜውም ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ ጾም መናገር አለብኝ፤ ጥያቄው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቢ12 በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ እንጂ በአትክልትና በእህል ውስጥ የለም። ታዲያ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ቢ12 ያሳጣናል? አያሳጣም። በቀን የሚያስፈልገን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበታችን ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ያጠራቅማል። ጎተራው ሰፊ ነው። ችግሩ የሚመጣው በፍስኩም ወቅት ጎተራው ሳይሞላ ሲቀር ነው። ወይ ሥጋና ወተቱ ከአቅም በላይ ሆኖ፣ ወይ ተበልቶም ጨጓራ ሳይፈታው። ያኔ ጎተራው በዝምታ ያልቃል። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ይፈጃል። እግር መደንዘዝ ሲጀምር፣ ስም መርሳት ሲበዛ፣ ምክንያቱ ከብዙ ዓመት በፊት ስለተጀመረ ማንም አያስታውሰውም። «እርጅና ነው» ይባላል።

ሦስተኛ፦ ብረት ሞልቶ ብረት ማጣት

ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ነው። በሬዎቹ አውድማ ላይ ሲያበራዩት ከአፈሩ የሚነካካው ብረትም ይጨመርበታል። እንግዲህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ደም ሊያንሰው አይገባም ነበር። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 24 ከመቶው፣ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ 57 ከመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁሉም በብረት እጥረት የመጣ አይደለም፤ ወባ አለ፣ የአንጀት ትል አለ፣ የወሊድ ደም አለ። ቢሆንም ጥያቄው ይቆያል፤ ያ ሁሉ ብረት የት ገባ?

ያው መልስ ነው፤ የበላነው ሁሉ የእኛ አይደለም። ከአፈር የመጣው ብረት ጠንክሮ የተያዘ ስለሆነ እምብዛም አይሟሟም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ነገር አንቆ ይይዘዋል። አንጀት ሊቀበለው የሚችለው አሲድ ካሟሟውና መልኩን ከለወጠው በኋላ ነው። ጎምዛዛ ነገር ይህን ሥራ ያግዛል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ዋናው አጋዥ ነው።

እናቶቻችን ይህን ትምህርት ሳይማሩት ሲሠሩበት ኖረዋል። ሊጡን በእርሾ አቡክተው ሁለት ሦስት ቀን ማስቀመጣቸው እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ብቻ አይደለም። በመቡካቱ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ብረቱ ይላላል። ማቡካት አውድማውን ከጨጓራ ቀድሞ ጓዳ ውስጥ መጀመር ነው። ጎመኑ ላይ የሚጨመቀው ሎሚ፣ ከወጡ ጎን የሚቀርበው ቃሪያና ቲማቲምም ሥራ አላቸው፤ ለማጣፈጫ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም።

አሁን የምነግራችሁን ግን አትወዱትም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊያስቀርብን ይችላል። ቡናም ትንሽ ይሻላል እንጂ ያው ነው። ይኸው አጉረመረማችሁ! ቡና ተዉ አላልኩም። ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት አርቁት ነው የምለው። የብረት ኪኒን የምትወስዱም በሻይ አትዋጡት።

አራተኛ፦ አውድማውን የሚያበላሹት

ሦስቱን ብቻ ላንሳ፤ ባክቴሪያ፣ ዕድሜና እኛው የምንሸጠው መድኃኒት።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል፤ «የጨጓራ ባክቴሪያ» እየተባለ ብዙዎቻችሁ ተመርምራችሁለታል። ድሮ የጨጓራ ቁስል ጥፋተኛ ተደርገው የሚታሰቡት በርበሬና ብስጭት ነበሩ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ግን ጥፋተኛው ባክቴሪያው መሆኑን ለማሳየት በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባክቴሪያውን በፈሳሽ በጥብጦ ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። ከሥራ ጓደኛው ሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ የሚገባው በልጅነት፣ ቤት ውስጥ ነው፤ ካልታከመም ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። በጊዜ ብዛት የጨጓራውን ግድግዳ እያሳሳ አሲድ አመንጪዎቹን ይጎዳል፤ ጨጓራ ውስጥ የሚገኘውን ቫይታሚን ሲ ይቀንሳል፤ ቁስል ከፈጠረም ደም ያፈሳል። ታክሞ ይድናል። ግን መድኃኒቱን «ተሻለኝ» ብሎ በአምስተኛው ቀን የሚያቆም ሰው ባክቴሪያውን ሳይገድል አለማምዶ ነው የሚተወው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በዕድሜ ብዛት የጨጓራቸው ግድግዳ የሚሳሳ፣ አሲዳቸው የሚያንስ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ኪኒን ውስጥ ያለውን ቢ12 ሊወስዱ ይችላሉ፤ ሥጋ ውስጥ የታሰረውን ግን መፍታት ያቅታቸዋል። ሥጋውን በልተውት ቫይታሚኑ ያልፋቸዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የእኔ ጉዳይ ነው። ኦሜፕራዞል የሚባለውን መድኃኒት የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። አሲድ አመንጪዎቹን ዝም ያሰኛል። ለቁስል፣ ለሚደማ ጨጓራ፣ ባክቴሪያውን ለማጥፋት፣ ወደ ላይ ለሚያቃጥል አሲድ ሁነኛ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። የታዘዘው ለተወሰነ ሳምንት ሲሆንና ሰውየው ለዓመታት ሲወስደው ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ መውሰድ ከቢ12 ማነስ ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ረጅም ጊዜ መውሰድ በደም ውስጥ ያለውን ማግኒዚየም ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ የማግኒዚየሙ ማነስም የጡንቻ መሸማቀቅና የልብ ምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል።

ወደ እማማ ልመለስ። በየወሩ ከእኔ የሚገዙት ያንኑ ኦሜፕራዞል ነበር። አራት ዓመት! አንድ ቀን «ማን አዘዘልዎት? እስከ መቼስ ነው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የባሰው ደግሞ፣ «ደክሞኛል» ሲሉኝ የብረት ኪኒን ከኦሜፕራዞሉ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጌ እሰጣቸው ነበር። አስቡት፤ በአንድ እጄ ብረት እየሰጠሁ በሌላው ብረቱን የሚያሟሟውን አሲድ አጠፋለሁ። ከሁለቱም ገንዘብ ተቀብያለሁ።

የዚያን ቀን ነጠላ ጫማቸውን አድርጌላቸው ከልጃቸው ጋር ወደ ሐኪም ላክኋቸው። ደማቸው ተመረመረ፤ ቢ12 ወርዶ ተገኘ። መርፌ ጀመሩ፤ የኦሜፕራዞሉንም ነገር ሐኪሙ ያዘው። በወራት ውስጥ ጉልበታቸው ተመለሰ። የእግራቸው ነገር ግን ቀስ እያለ ነው የተሻለው፤ የግራው ጣቶች እስከ ዛሬ እንደደነዘዙ ናቸው። ነርቭ ከዘገየ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከሁለት ዓመት በፊት ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

አምስተኛ፦ እንግዲህ ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ ወረቀት የያዛችሁ አውጡና ጻፉ፤ ዝርዝሩ አጭር ነው።

ኦሜፕራዞልም ሆነ መሰሎቹን ከዓመት በላይ የወሰዳችሁ ሐኪማችሁን «አሁንም ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በገዛ ፈቃዳችሁ በአንድ ጊዜ አታቁሙ፤ አሲዱ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የሚደማ ቁስል የነበረበት ወይም አስፕሪን በቋሚነት የሚወስድ ሰው ደግሞ መቀጠል ሊኖርበት ይችላል።

የእግር መደንዘዝ፣ የሚላላጥ ምላስ፣ ከወትሮው የባሰ መርሳት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ካለ የቢ12 ምርመራ ጠይቁ። ሜትፎርሚን የምትወስዱ የስኳር ሕሙማንም እንዲሁ፤ ያ መድኃኒትም ቢ12 ይቀንሳል። ፎሊክ አሲድ ብቻ ገዝታችሁ አትዋጡ። ደሙን ያስተካክለውና በሽታው የዳነ ያስመስለዋል፤ ነርቩ ግን በውስጥ ይጎዳል። ሚዜው ለሌለው ሰውም መፍትሔ አለ፤ መርፌ አለ፣ ወይም ከፍ ያለ መጠን ያለው ኪኒን አለ። መጠኑ ሲበዛ ከመቶ አንድ ያህሉ ያለ ሚዜም ሾልኮ ይገባል፤ ያም ይበቃል።

ለአጥንት ካልሲየም የምትወስዱ ዓይነቱን ጠይቁ። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ከምግብ ጋር ውሰዱት፤ አሲድ ይፈልጋል።

ለጉልበት ሕመም በየጊዜው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የምትገዙ ተጠንቀቁ፤ ጨጓራን አቁስለው ደም ያፈሳሉ። በተለይ ወንድ አረጋዊ ላይ የብረት እጥረት ከተገኘ ኪኒን ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም፤ ደሙ በየት በኩል እየፈሰሰ እንደሆነ መፈለግ አለበት። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ምግብ አልዋጥ ካለ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ሂዱ።

ደግሞ ሁሉን በጨጓራ አናሳብብ። እንቅርት ብዙ ጊዜ የአዮዲን ጉዳይ ነው፤ መከላከያው አዮዲን ያለው ጨው ነው። የቫይታሚን ዲ ዋና ምንጭም ፀሐይ ናት። የሌለ ነገር አውድማ ላይ አይገኝም፤ መጀመሪያ መዘራት አለበት።

ጸሐፊያችን የጠየቁኝ «የሚበሉት የት ይገባል?» ብለው ነበር። የበላነው ሁሉ የእኛ አይደለም፤ የእኛ የሚሆነው ጨጓራ ፈትቶ ያስረከበን ነው። ስለዚህ ሌላ ብልቃጥ ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ስለ አውድማው ጠይቁ። መድኃኒት ሻጩ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጠይቁት፤ እኔን ያስጠየቀኝ አንድ የጠፋ ነጠላ ጫማ ነው።

ከጓዳ የሚመጣው የቡና ሽታ እኔንም መናገር እያስረሳኝ ነው። ሰዓቱን ተመልክቻለሁ፤ አሁን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ ምሳ ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፏችኋል። ያለ ስጋት ጠጡ።